በሰላሀዲን ስም የተመዘገበ ፍጥነት

እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሐይቅ።
የጠዋቱ የዓሣ ሒሳብ፦ ቆሮሶ አምስት ቅርጫት፣ አምባዛ አንድ። ወደ ውጫሌ የተጫነ የለም፤ እዚያ የሚሸጥ ሰው የለም።

ለተከበሩ የአሽከርካሪዎች ቅጣትና እገዳ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ጤናዎን እንዲጠብቅልዎ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ከቢሮዎ ደጃፍ ያለው አስፋልትም ሁልጊዜ ሜዳ እንዲሆንልዎ ዱዓ አደርጋለሁ። እኔ ራህማ ይማም እባላለሁ፤ ሐይቅ ከተማ ዓሣ የምነግድ ሴት ነኝ። አጥማጆቹ በማለዳ ከሐይቁ ያወጡትን ተቀብዬ በሚኒባስ ወደ ውጫሌ ገበያ እልካለሁ፤ አብራው ሄዳ የምትሸጠው የሥራ ባልደረባዬ ወይዘሮ ተሾመች ናት። ወይም ነበረች፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ። የዕለቱን ሥራ በደብተር መጻፍ ልማዴ ስለሆነ ይህንንም የምጽፍልዎ ከዚያው ደብተር በቀደድሁት ወረቀት ላይ ነው። ቀደም ብዬ በፖስታ አሽጌ የላክሁልዎ ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ፖስታ መክፈት ጊዜዎን ቢሻማብዎ ነው ብዬ፣ ይህኛውን ሳላሽግ በመናኸሪያው ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

የተነሣሁት ላመሰግንዎ ነው። ፍጥነት መቀጣት የለበትም ከሚሉት ሰዎች ወገን አይደለሁም፤ ይቀጣ፣ ይታገድም እላለሁ። በመንገዳችን ላይ በየኩርባው ሰው ለሞተበት የተደረደረውን የድንጋይ ምልክት ያየ ሰው ሌላ ሊል አይችልም። ምስጋናዬ ጽሕፈት ቤትዎ ይህን ከባድ ሥራ ስለሚሠራበት ልዩ ጥበብ ነው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ሰው ላስተዋውቅዎ፤ ስሙን በደንብ ያውቁታል፣ ፊቱን ግን ከሠራተኞችዎ አንዱም ልብ ብሎ አላየውም።

ሰላሀዲን ሰዒድ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ፣ ተራ ሲደርሰውም ወደ ደሴ በሚሠራው ሚኒባስ ለብዙ ዓመታት የሠራ ሹፌር ነው። መኪናው የእሱ አይደለም፤ ሀሚዱ የሚባል የከተማችን ሰው ንብረት ነው። ሰላሀዲን ራሰ በራ፣ ጢሙን ሂና የሚቀባ፣ ኩርባ ላይ ሲደርስ ቢስሚላህ ሳይል መሪ የማያዞር ሰው ነው። በመናኸሪያው የወጣለት ስም «እርጎ» ነው፤ ከጎኑ እርጎ በክፍት ዕቃ ቢቀመጥ ጠብ አይልም ለማለት። ተሳፋሪው ከተሳፈረበት እስኪወርድ ሲሰድበው ይሄዳል። ከኋላ ወንበር አንዱ «ሰላሀዲን፣ መንገዱን እየሄድህበት ነው ወይስ እየለካኸው?» ይለዋል፤ ሌላው «አህያዋ እንዳትቀድመን፣ አደራህን!» ይላል። ተሾመች ደግሞ ቅርጫቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከፊት ወንበር ሆና፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኛ ውጫሌ ሳንደርስ ጾሙ ይፈታል እኮ!» ስትለው፣ እሱ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «ምን ቸገረሽ እትዬ፣ ያኔ በግ ትሸጫለሽ» ይላት ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በፍጥነት ብዛት ለአንድ ዓመት ከመሪ ያገደው ይህንን ሰው ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። ምስጢር አይደለም፤ ከእርስዎ ቢሮ በቀር የማያውቀው የለም። እኛ ዘንድ ቅሬ የሚባል የሰፈር ማኅበር አለ፤ ሰው ሲሞት አብሮ የሚቆፍር፣ አብሮ የሚቀብር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ የሚገኝበት ነው። የቅሬው ትልቅ ድስትና ድንኳን የማንም የግል አይደሉም። ኀዘን የወደቀበት ቤት ይወስዳቸዋል፣ ሲጨርስ ድስቱን አጥቦ ይመልሳል። ኀዘን ያልደረሰበት ቤት ድስቱን ታቅፎ አይቀመጥም፤ ቢቀመጥ ነውር ነው።

የመናኸሪያችን ሹፌሮች ይህንን ደግ ሥርዓት ወደ መንጃ ፈቃድ አዛወሩት። የተጀመረው በታረቀኝ ነው፤ ያ ሹፌር የቅጣት ነጥቡ ሞልቶ ለመታገድ አንዲት ጥፋት ብቻ ቀርታው ነበር። ሰላሀዲንን ደግሞ የትኛውም ትራፊክ አስቁሞት ስለማያውቅ መንጃ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ነው የሚኖረው። ታረቀኝ «እርጎ ወንድሜ፣ ያንተ እንደሆነ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ለዛሬ አውሰኝ» አለው። ሰላሀዲንም ወንፊት እንደሚያውስ ጎረቤት አወሰው። ከዚያ ወዲህ መንጃ ፈቃዱ እንደ ቅሬው ድስት ከመኪና መኪና ይዞር ጀመር። የተቀጣው ሁሉ ቅጣቱን ከገዛ ኪሱ እየከፈለ፣ በምስጋና ይመልስለታል። እያንዳንዱ «የእኔ አንዷ ምን ታደርገዋለች» ይላል፤ ድስቱን ስንት ቤት እንደወሰደው ልብ ያለ ግን አልነበረም። ከሁሉ ያዘወተረው ሙአዊያ የሚባለው ወጣት ሹፌር ነው፤ እሱ ሲነዳ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ስልክ ነው።

እነሆ ምስጋናዎቼ።

አንደኛ፦ ሠራተኞችዎ ሰውን በመልኩ የማይመዝኑ በመሆናቸው አመሰግናለሁ። በመንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው ፎቶ የራሰ በራና የባለ ቀይ ጢም ሰው ነው። ሙአዊያ ጢም ያላወጣ፣ ጎፈሬው የመኪናውን ጣሪያ የሚነካ ልጅ ነው። ታረቀኝ አንገቱ ላይ ማተቡን አስሮ፣ ከመስተዋቱ ላይ የማርያምን ሥዕል ሰቅሎ፣ «ሰላሀዲን ሰዒድ» ተብሎ ተቀጥቷል። በወሎ የእስላሙን ስም ክርስቲያኑ፣ የክርስቲያኑን እስላሙ መያዙ ያለ ነገር ስለሆነ አልገረማቸው ይሆናል፤ አብሮ መኖራችንን እስከዚህ ድረስ ስለተረዱልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ራሰ በራነት ግን በውሰት የሚሄድ አይመስለኝም ነበር።

ሁለተኛ፦ እናቴ የሞተች ቀን ሰላሀዲን መኪናውን አቁሞ ከቅሬው ወንዶች ጋር መቃብር ሲቆፍር ውሏል። ከቀብር ሲመለሱ አፈሩን ከልብሱ ላይ ያራገፈው በእኔ ደጅ ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ሚኒባስ ይዞ ከተፈቀደው በላይ ሲበር ተያዘ ተብሎ በስሙ ተጽፏል። ሰው እስከ ወገቡ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ያን ያህል መፍጠን ከቻለ የሚገባው እገዳ ሳይሆን ሽልማት ነበር። ያም ሆኖ የእናቴ ቀን በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ላይ እንዲታሰብ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ ራዳር የያዘው ሠራተኛዎ ሁልጊዜ ከአንድ ዋርካ ሥር በመቆሙ አመሰግናለሁ። ጥላው መልካም ነው። ሹፌሮቹ ከሩቅ በመብራት ይጠቃቀሳሉ፤ ዋርካው ጋ ሲደርሱ እንደ ሙሽራ መኪና ይሳባሉ፤ እንዳለፉት የባከነባቸውን ለማካካስ ይበርራሉ። የሚያዙት ፀሐይዋ ዞራ፣ ሠራተኛዎም ጥላውን ተከትሎ ወደ ማዶ ሲሻገር ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ፍጥነት የሚከበርበት አንድ ዛፍ አለን፤ ይህም የሌላቸው ብዙ አሉ።

አራተኛ፦ ይህኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

ሰላሀዲን ሲታገድ የመኪናው ባለቤት ሀሚዱ ሌላ ሹፌር መፈለግ ነበረበት። ሀሚዱ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ወሬ አልሰማም፣ መዝገብ ጠየቀ። የመዝገብዎ ንጹሕ ሰው ማን ሆኖ ተገኘ? ሙአዊያ። በስሙ አንዲት ነጥብ አልነበረችበትም፤ እንዲያውም ጽሕፈት ቤትዎ «ምስጉን አሽከርካሪ» ብሎ ማኅተም ያለበት ሰርተፊኬት ሰጥቶት ነበር። ሙአዊያም ሰርተፊኬቱን ከፊት መስተዋቱ ላይ ለጥፎ በሰላሀዲን ወንበር ተቀመጠ። ልጁን ክፉ ነው አልልም። እየበረረ የተመሰገነ ወጣት ከዚያ በኋላ ለምን ብሎ ይቀንሳል?

በመጀመሪያው ቀን ተሾመች ውጫሌ እንደደረሰች ደውላልኝ፣ «ራህማዬ፣ ይኼ ልጅ ዓሣውን ነፍሱ ሳትወጣ ነው ያደረሰው!» ብላ ሳቀች። በሳምንቱ ስትደውል አልሳቀችም። «ዛሬም ገባን፣ ተመስገን» ብቻ አለችኝ።

በጥቅምት፣ ውጫሌ ሊገቡ ሲሉ ካለው ኩርባ ላይ፣ ሚኒባሱ ከመንገድ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ወደቀ። ከፊታቸው ጭድ የጫነ ጋሪ ነበር። ሰላሀዲን ቢሆን ከጋሪው ኋላ እየተሳበ፣ ስድቡን እየጠጣ ይገባ ነበር፤ ሙአዊያ ኩርባው ላይ ሊቀድም ወጣ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ተቧጭረው ተረፉ። ተሾመች ከፊት ወንበር ነበረች። ዓሣው አስፋልቱ ላይ ተበትኖ ነበር፤ የሠፈሩ ሰው አንዲት ዓሣ ሳያነሣ እሷን አንሥቶ ወሰዳት። የደሴ ሐኪሞች የቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች ሊያተርፉት አልቻሉም።

ሙአዊያን ሐኪም ቤቱ ደጅ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኘሁት። ደም ሰጥቷታል፤ ሐቁን አልክድም። «እትዬ ራህማ፣ እኔ እኮ ሰርተፊኬት ያለኝ ሹፌር ነኝ፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም» አለኝ። ወላሂ ከልቡ ነው። አምኖዎታል።

የክሱን ነገር ፍርድ ቤት ይዞታል፤ በዚያ አልገባም። ጽሕፈት ቤትዎ በበኩሉ ሙአዊያን ለአንድ ወር አገደው። ውሳኔው «ከዚህ በፊት ምንም ዓይነት ጥፋት ያልተገኘበትና በመልካም አነዳዱ የተመሰገነ በመሆኑ ቅጣቱ ቀሎለታል» ይላል። ክቡር ሆይ፣ እግር ያስቆረጠ አንድ ወር፣ መንጃ ፈቃድ ያዋሰ አንድ ዓመት። እኔ በሚዛን የምኖር ሴት ነኝ። ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ ብዙ አይቻለሁ፤ ሁሉም ግን ሲያጎድሉ ቢያንስ እጃቸውን ከሰው ዓይን ይሰውራሉ። በማኅተም ሲደረግ ያየሁት ከእርስዎ ዘንድ ነው፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ፦ እውነትን በጽሕፈት ቤትዎ ዋጋ ስለሰጧት አመሰግናለሁ። ሰላሀዲን የተሾመችን እግር በሰማ ማግስት ለጁምዓ የሚለብሰውን ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ወደ እርስዎ መጣ፤ እኔም አብሬው ነበርሁ። «እገዳዬን አንሡልኝ» አላለም። ያለው ይህንን ነው፦ «መንጃ ፈቃዴን ማዋሴ ጥፋት ነው፤ ቅጣቴን እችላለሁ። የሙአዊያን ግን በሙአዊያ ስም ጻፉት። ንጹሕ ነህ እያላችሁት መሪ ከመለሳችሁለት ልጁም ይጠፋል፣ ሰውም ያጠፋል።»

በመስኮቱ በኩል ያለችው ሰላማዊት የምትባል ወጣት ሠራተኛዎ አዝና አየችውና፣ «ጋሼ፣ ሲስተሙ ወደ ኋላ አይመለስም» አለችው።

«ወደ ፊት ብቻ ነው የሚሄደው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እሱም ፍሬን የለውማ» አላት።

ከዚያ እርስዎ ራስዎ ከቢሮዎ ብቅ አሉ። ነገሩን ቆመው ሰሙና፣ «ስለዚህ ማዋስህን አምነሃል?» ብለው ጠየቁት። «አዎ፣ ጌታዬ» አለ። ስድስት ወር ጨመሩለት። እውነት በጽሕፈት ቤትዎ ስንት እንደምታወጣ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሌሎቹ ሹፌሮች አብረውን ሊመሰክሩ ቃል ገብተው ነበር፤ ታረቀኝ እንዲያውም በማተቡ ምሏል። የሰላሀዲን ስድስት ወር ሲሰማ የአንዱ ጎማ ተነፈሰ፣ የአንዱ ሚስት ታመመች፣ ታረቀኝ ስልኩን አጠፋ። እነሱንም በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ። ድስቱን ሲወስዱ ብዙ ነበሩ፤ አጥቦ የመለሰ ግን የለም።

ሰላሀዲን አሁንም በማለዳ መናኸሪያ ይመጣል። ቅርጫቶቼን ተሸክሞልኝ ከቆሙት መኪኖች ኋላ ይቀመጣል። ማንም አይሰድበውም። አንድ ቀን አንድ ተሳፋሪ ሳያውቅ «እርጎ፣ ዛሬ መቼ ልታደርሰን ነው?» ሲለው ፊቱ በርቶ ብድግ አለ፤ ከዚያ ትዝ ሲለው ተመልሶ ተቀመጠ።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። የሙአዊያ የአንድ ወር እገዳ ዛሬ ያበቃል። ሚኒባሱ ተጠግኗል፤ የተሰበረው የፊት መስተዋት ተቀይሯል፣ ሰርተፊኬቱም በአዲሱ መስተዋት ላይ ዳግም ተለጥፏል፤ ዛሬ ጠዋት በዓይኔ አይቻለሁ። ነገ የገና ጾም ይገባል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሐይቅ እስጢፋኖስ አባቶች ትቼ፣ የማውቀውን ብቻ ልንገርዎ፦ ጾም ሲገባ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል፣ ቅርጫት የያዙ ሴቶች ይበዛሉ፣ መኪናውም እስከ በሩ ይሞላል። ከዚያ በፊት ከሠራተኞችዎ አንዱ፣ አንድ ብቻ፣ ከዋርካው ጥላ ወጥቶ መናኸሪያ ይምጣና በሰላሀዲን ስም የቀጣቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ይይ። ሰላሀዲን ይመለስ አላልሁም፤ ዓመት ከስድስት ወሩን ይጨርስ፣ እሱም የሚለው ይህንኑ ነው። የፈጠነው ሰው በገዛ ስሙ ይታወቅ፣ መሪም የሚይዘው ይህ ከታወቀ በኋላ ይሁን ነው የምለው። ይህ ለአንድ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ፀሐይ ቢፈራ ጥላዬን አውሰዋለሁ፤ ማዋስ እንደሆነ ለምዶብናል።

የማኅተምዎ ቀለም አይድረቅ፤ የዋርካዎ ጥላ አይሽሽ፤ ሲስተምዎም አንዳች ሳይገታው ወደ ፊት ይገስግስ። እርስዎም ቤተሰብዎም በምትሳፈሩበት መኪና ሁሉ፣ መሪውን የያዘው ሰው በመዝገብዎ ላይ የተጻፈው ሰው ይሁንላችሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ዱዓ አላውቅም።

በማይቀንስ አክብሮት፣
ራህማ ይማም
ዓሣ ነጋዴ፣ ሐይቅ

ግልባጭ፦
ለአቶ ሀሚዱ፣ የመኪናው ባለቤት
ከዋርካው ሥር ላሉት ሠራተኛ
ለታረቀኝ፣ ስልኩን ሲከፍት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ነገ በማለዳ ወደ ደሴ የምሄድበት ጉዳይ አለኝ። ተራ አስከባሪውን ጠይቄው ነበር፤ የመጀመሪያው ተራ የሙአዊያ ነው። ከተሾመች ወዲህ ከፊት ወንበር ለመቀመጥ የሚደፍር ስላልተገኘ እኔ እቀመጥበታለሁ፤ ከጎኑ ሆኖ «ቀስ በል» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ምናልባት በመንገድ አንድ ነገር ብሆን ቢሮዎን በአዲስ ጽሑፍ ማድከም አልፈልግም፤ እንደተለመደው በሰላሀዲን ስም ይመዝገብልኝ።

ለነገ፦ ደሴ። ለተሾመች ክራንች ማምጣት።